የቦዩ ደመወዝ

በቦርኒዮ ደሴት፣ ሴባንጋው ወንዝ ዳር፣
ዴሄን ገና ወጣት፣ ቦዩን ቆፈረ፣
ደመወዙን በሜትር ማታ እየቆጠረ።
ረግረጉ ደረቀ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣
የዘይት ዘንባባ ቆመ እንደ ጦር ተሰልፎ።

ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶ፣ የጎማ ቱቦ ይዞ፣
ከሚጤሰው መሬት ይውላል ተክዞ።
ነበልባል የለውም፤ ውስጥ ለውስጥ ሲሄድ፣
ሺህ ዓመት የተኛ ቅጠል ነው የሚነድ።
ጭሱ ፓስፖርት የለው፤ ባሕር ተሻገረ፣
የዴሄንን ስም ያልሰማ አገር ሰማይ አጠቆረ።

ከቦዩ ወዲያ ማዶ አንድ ዛፍ ተርፏል፤
ከኦራንጉታን እናት ግልገል ተለጥፏል።
«መናገር ታውቃለች» ይሉ ነበር አያት፣
«ዝም ያለችብን ግን ሥራ እንዳናዛት።»

ሰማዩ ሲከብድ ዝናብ ነው ብላለች፣
ሰፊ ቅጠል ቀጥፋ ልጇን አልብሳለች።
የወረደው አመድ።

ቀና ብሎ አያት፤ አላለችም ምንም።
ሥራውን አወቀ፤ ማንም አላዘዘውም።
የቤቱን በረንዳ ጣውላ ነቅሎ ተሸከመ፣
በገዛ ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆመ፤
ጭቃውን በእጁ እየጠቀጠቀ፣
ሌሊቱን በሳል፣ በመዶሻ አለቀ።

ሲነጋ ውሃው አንድ ስንዝር ጨመረ።
ቁጭ ብሎ፣ የቀረውን፣
በሜትር ቆጠረ።