ደረቅ ብሩሽ

ልጆቹ ይመጣሉ፣ መስከረም ሲጠባ፣
በጭነት መኪና፣ በአባት ሞተር ጀርባ፤
ጎቢን አቋርጠው፣ ሁለት ቀን በአሸዋ፣
ዓይናቸው ቀልቶ፣ ጉሮሯቸው ደርቆ በውኃ ጥማት ጣጣ።
ጸጉራቸው ይሸታል የኩበቱን ጢስ፣
ደረቅ አይብ ይዘዋል፣ ጠጣር፣ በየኪስ።

እኔ ዶልጎርሱረን ነኝ፣ የማደሪያው ሞግዚት፤
አርባ ሁለት ልጆች፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ሴት።
አልጋ ከማደሌ፣ ስም ከመጥራቴ ፊት፣
ኩባያ እሰጣለሁ፣ ብሩሽ ያለበት።
ስማቸውን ጽፌ በጥፍር ቀለም፣ ቀይ፣
እደረድራለሁ መስኮቱ ደፍ ላይ።

ውኃው በበርሜል ነው፣ በመኪና መጥቶ፣
ኅዳር ሳያልቅ ያድራል እንደ ድንጋይ ረግቶ፤
በመጥረቢያ ፈልጬ፣ በድስት አቅልጬ፣
ለብ ሲል አድላለሁ፣ በየኩባያው ገልብጬ።
የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ፣
መንጋጋን ከጓሮ፣ ማንም በማያይ፤
ቀስ በሉ፣ ምን አስቸኮለ፣ ፈረስ አይደል ጥርስ፣
እኔ እየቆጠርሁ ነው፣ መቶ ሃያ እስኪደርስ።

ጋንቱልጋ የሚሉት ሳሙናውን ይውጣል፣
«እንጆሪ ነው» ይላል፣ ከንፈሩን ይልሳል፤
ሌላው በብሩሹ ጎራዴ ይመዝዛል።
ይሁን። ይሣቁብኝ። እኔስ በልጅነቴ ማን ነገረኝና፣
ሰባት ጥርስ ቀረኝ፣ እሱም በልመና።

ሁሉም ካንቀላፉ፣ ባትሪዬን አብርቼ፣
ብሩሾቹን አልፋለሁ በጣቴ ነካክቼ፤
እርጥብ ያለው ጸድቋል፣ ደረቅ ያለው ዋሽቷል፤
አፍ ቢምል ቢገዘት፣ ብሩሽ ያሳብቃል።

ያቺ ሱቭድ የሚሏት፣ የሦስተኛ ክፍሏ፣
ሉል ማለት ነው ስሟ፣ ባገርኛው ቃሏ፣
ሳምንት ሙሉ ብሩሿ ደረቅ እንደ ገለባ፤
በጣቷ ነው ለካ ጥርሷን የምትቀባ።

በማግሥቱ ጠራኋት፣ ወደ ማገዶ ቤት፣
ቁጣዬን አሰናዳሁ፣
ስለ ትል፣ ስለ ጉድጓድ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ጉጠት።
አንገቷን ደፋች፣ ኩበት ቆረሰች፣
ኋላ፣ በቀጭን ድምፅ፣ እንዲህ አለች፦

«ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ገና አምስት ያልሞላ፤
እንግዳ ሲመጣ ጥርሱን የፈጀው ከረሜላ።
ለነጩ ወር በዓል ስሄድ እወስድለታለሁ፤
ያገለገለ ብሩሽ እንዴት እሰጠዋለሁ?»

ቁጣዬ የት ሄደ? ፈልጌ አጣሁት።
ያን የትል ተረቴን ምድጃ ከተትሁት።

ትርፍ ብሩሽ የለኝም፣ በቁጥር ነው የመጣው፤
ደሞዜም በቁጥር ነው፣ እንደ ጥርሴ፣ ያው።
ግን ዱቄት የሚያመጣው ሾፌር፣ ባለውለታዬ፣
በግመል ጠጉር ካልሲ፣ በገዛ እጅ ሥራዬ፣
ለወጠልኝ አንዲት ብሩሽ፣ እጀታዋ ላይ ዝሆን ያለው፤
«ይኸው የወንድምሽ። ያንቺን ዛሬ አርጥቢው።»

«ማን ያሳየዋል?» አለች። «አንቺ ነሻ፣ ሌላ ማን?
እጅሽ ሳይለምደው፣ ታሳይዋለሽ ምን?»

ከበዓሉ ስትመለስ ወሬዋ ቀደማት፦
ዝሆኗን አቅፎ ተኛ፣ ለእንግዳም አሳያት።
የታመመው ጥርሱ ግን ተነቅሎ፣
አያቷ በስብ ጠቅልሎ፣
ለውሻ ሰጠው አለች፣ እንደ ወጉ፣
«እንደ ውሻ ጥርስ ያለ ይብቀልለት» ብሎ።

ግንቦት ሲያልቅ፣ ነፋሱ ሲበርድ፣ ትምህርት ሊዘጋ፣
ኩባያ ስለቅም ከየመስኮት፣ ከየአልጋ፣
የሱቭድን ብሩሽ አየሁ፦ ፀጉሩ ተንጨባሮ፣
ፍየል ያኘከው መስሎ፣ ወዲያ ወዲህ ዞሮ።
(የጋንቱልጋ እጀታው ተነክሷል። ምን ይደረግ።)

ሌላው ሰው ለልጆች ሜዳሊያ ያጠልቃል፤
እኔን ያረጀ ብሩሽ ልቤን ያሞቀዋል።
ጣቴን አሳረፍሁ፣ ከመጣሌ በፊት።
እርጥብ ናት።