ስልክ በር ላይ ይቀራል

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከወርቅ ቤቱ ጀርባ፣
በጠባቡ ደረጃ ወደ ላይ ሲገባ፣
ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወት፣
ጭንቅላት የሌላት ሴት፣ ቀን ቀን የማለብሳት
ሲመሽ የማራቁታት።
ሱቄ ይኸው ነው።
በሩ ላይ ስም የለም፤ የተጻፈው ቁጥር ነው።

"ሥራዬን የት አየሽው?" ስላት ሙሽራዋን፣
"አላየሁም" ትላለች፣ ገልጣ ዓይነ ርግቧን፤
"አክስቴ ናት የነገረችኝ፣ የሐምዳን ሠርግ በልታ፤
ጅራቱ ሲያልፍ፣ አለች፣ ዝም አለ ጫጫታ።"

እዚህ የሴቶች ሠርግ ለሴት ብቻ ነው።
አዳራሹ በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣
ስልክ ይሰበሰባል፣ በቁጥር ይታሰራል፤
አምስት መቶ ሴት ትገባለች፣
አንድ ፎቶ አይወጣም።
አራት ወር ዓይኔን ያፈሰስኩበት፣
ዶቃ በዶቃ ላይ ቆጥሬ የሰፋሁት፣
አንድ ሌሊት በርቶ ሣጥን ይከተታል።
ሌላው ሙያውን በፎቶ ያሳያል፤
የኔ በሴቶች ምላስ ላይ ያድራል።

ስመጣ የያዝኩት መርፌ አልነበረም፣ መጥረጊያ ነው፤
የማስተር ገፉርን ወለል ነበር የማጸዳው።
የወደቀውን ዶቃ በረጠበ ጣት ቃርሜ፣
በትራስ ልብሴ ላይ ሰፋሁት፣ ተጣልቼ ከሕልሜ።
አንድ ቀን አገኘው። ቆጠረው፣ አንድ በአንድ።
"የማን እጅ ነው?" አለ። እኔ ደርቄ እንደ ግንድ።
አላባረረኝም። የላሆር ሰው፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣
በተሰበረ ዐረብኛ ለተሰበረ ዐረብኛዬ ተናገረ፦
"ክር በምላስ አታርጥቢ፤ ሐር ምራቅ አይረሳም።
ጣትሽ ተወግቶ ደም ከነካው ግን፣ አትደንግጪ፤
የራስሽ ደም የሚለቀው በራስሽ ምራቅ ነው።"
ዘጠኝ ዓመት ሁለቱንም ሕግ ጠበቅኩ።
እሺ፣ የመጀመሪያውን አንዴ ሻርኩ።

ታዲያ አንድ ዓርብ ቀን ትብለጥ መጣች፤
"እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የፈቀዱልኝ" አለች።
ሙሽራው ፉጀይራ፣ ወደብ ላይ ዕቃ አውራጅ፣
ቀለበቱ በብድር፣ ሚዜው የክፍል ጓደኛው፣ የኬረላ ልጅ።
"ቬሎ ለሁለት ሰዓት ስንት ነው? ለፎቶ ብቻ።
እናቴ መርሳ ላይ ለጎረቤቱ አውርታ ጨርሳለች።"

አንድ ነበረኝ፣ በአሥራ ስምንት ሺህ ድርሃም የታዘዘ፣
ሳይለበስ ቀርቶ ከመደርደሪያ የተያዘ።
"አልዋሽሽም" አልኳት፣ "ሠርጉ የፈረሰበት ቬሎ ነው።"
ሳቀች። "እኔ ላይ ያልፈረሰ ምን አለ? አምጪው!"

"በነጻ" የሚል ቃል ከንፈሬ ላይ ደረሰ፤
ዋጥኩት።
ሙያ በነጻ ሲወጣ ምጽዋት ይመስላል፣
ሙሽራም ተመጽውታ አትሞሸርም።
ሠላሳ ድርሃም ጠየቅኳት። ከደረቷ አውጥታ ቆጠረች፤
ደረሰኝ ቆረጥኩላት፤
አጥፋ እዚያው ከተተች።

ወገቡ ሰፋት። ከጀርባዋ ሰብስቤ
በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣
አሥራ አንድ ቦታ።
ኮርኒሹ ላይ ነፋሱ ጅራቱን ሲነጥቃት
የዓሣ አጥማጅ ልጆች ሮጠው ያዙላት።
አሥራ ሁለት ሊሞላ አምስት ሲቀረው መለሰችው፣
ጠርዙ ጨው ይዞ።
ተቆጣኋት።
ሳምኳትም።

አሁን ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ፎቶ አንድ ነው።
የትልልቅ ቤት እናቶች፣ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣
ሻዩን ሳይጠጡ እሱን ነው የሚያዩት።
"ይቺ የማን ልጅ ናት?" ይላሉ።
"ደንበኛዬ ናት" እላለሁ።
"ልክክ ብሏታል፣ በልኳ የተወለደ ነው የሚመስለው!"
"አዎ" እላለሁ፤ ሜትሬን ከአንገቴ አወርዳለሁ፣
"እጅሽን ዘርጊ፣ የኔ ሙሽራ" እላለሁ።

ፎቶው የተነሣው ከፊት ነው።