ሊብሬው ነጭ ይላል

በቅሪያት ያም ባሕር ጎረቤት ነው፤
ጨው አይበደርም፣ ጨው የሚያበድር እሱ ነው።
ሌሊት ሌሊት ሳያንኳኳ እየመጣ፣
በበር ማጠፊያ፣ በብስክሌት ሰንሰለት፣ በመስኮት ሽቦ ላይ
ብድሩን አስቀምጦ የሚወጣ።

ከሰፈሩ ሁሉ የኔዋ ሱባሩ አብዝታ ተበደረች፤
ሐብሐብ ተሸክማ፣ ሲሚንቶ ተሸክማ፣
የስንቱን ሙሽራ ፍሪጅና ፍራሽ አድርሳ ኖረች፤
ዘንድሮ በሯን ሳብ ባደርገው
እንደ ደረቀ ቂጣ ከበታቿ ረገፈች።
የቴስቱ ሰው ጣቱን በፓራፋንጎዋ ሥር ሰደደ፤
ጣቱ በወዲያ ማዶ ብቅ አለ።
«ይቺን አልፈርምላትም፣» አለ፣
እንደ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«ለቁርጥራጭ ሽጣት፣» አለኝ ግሪሻ፣
«ስምንት መቶ ሼቄል ታወጣለች።»
ይህን ብሎ ግን መበየጃውን ሊያመጣ ሄደ።

ዓርብ በጠዋት ከሕንጻው ሥር
ኮምፕረሰሩን ከኩሽናዬ ጋር ባገናኘው፣
የመላው ደረጃ መብራት ድርግም አለ፤
ማዳም ሱልጣና ከአራተኛ ፎቅ አንገቷን አውጥታ
አያቴን ሳይቀር ሰደበች።

አያቴን! ስድብ የለመደውን ሰው፤
ቀን ማረሻ ሲሠራላቸው «ባለእጅ» ያሉትን፣
ሲመሽ «ሰው ይበላል» ብለው በር የዘጉበትን።
እኔ በዕድሜዬ ያየሁት በላተኛ ዝገት ነው፤
እሱም ጥርሱ ብረት ላይ ነው።

ፋቅሁ።
ነጩ ሲነሳ ሰማያዊ መጣ፣
ሰማያዊው ሲነሳ በዕብራይስጥ ፊደል
«ሐሊፋና ልጆቹ፣ አትክልት» የሚል ወጣ፤
ከሐሊፋ ሥር ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር አመድ የመሰለ፣
ከአመዱ ሥር ስም የሌለው፣ ራቁቱን የቆመ ላሜራ።
ሐሊፋ የት ገባ? ልጆቹስ ሽንኩርት መሸጥ ተዉ?
አቧራው አፌን ሞላው፤ ደም ደም አለኝ።

ቀዳዳውን የደፈንኩት
ቆሻሻ መጣያው ጋ ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤
ጎኑን ቆርጬ፣ ግሪሻ ሲጋራውን ሳይጥል በየደው።
የማን አንሶላ ታጥቦበት እንደሁ እንጃ፣
አሁን የሱባሩ ሥጋ ነው።

አባቴ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀምጧል፤
እዚህ አገር ከገባ ብረት አልነካም፣
ሠላሳ ዓመት የሰው ቢሮ ወልውሏል፣
መዶሻ ሲባል ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለዋል።
እኔ ላሜራውን ስቀጠቅጠው ግን
እግሩ መሬቱን ይመታ ጀመር።
«እየጮህክባት በምን ትሰማታለህ? አምጣ!»

ሦስቴ መታ።
አንዱን ቀስ፣ አንዱን በጀርባ በኩል፣ አንዱን እንደ ሳል፤
የጎደጎደው ፓራፋንጎ
ትንፋሽ እንደሳበ ደረት ቀስ ብሎ ሞላ።
ልጄ ሺራት ስልኳን ደቅና «ድገመው» ብትለው፣
«የቀና አይቃናም፣» አላት፤
መዶሻውን መለሰልኝ፣ መዳፉን በሱሪው ጠረገ፣
የሻይ ሰዓት አልፎ እንደሁ ጠየቀ።

ስቱኮ ሞላሁ፣ አሸሁ፤ አንቲረስት ቀባሁ፣ አሸሁ፤
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብሩሹን ቲነር ውስጥ ነከርኩት።
ሰንበትን ቀልታ ዋለች፣ ግማሽ ለብሳ ግማሽ ታርዛ፣
ከምኵራብ የሚመለሱት ቆም እያሉ ሲያዩዋት።

እሑድ ማታ ቀለም ነፋሁባት፤
የሱቁ ሰው ከተራረፈ ቆርቆሮ ደባልቆ
በቅናሽ የሰጠኝን፣ ስም ያልወጣለትን።
ሲደርቅ ምን መሰለ? የአባቴን እጅ ጀርባ።
ሌሊቱን ድመት ተራምዳበት ኖሮ
ኮፈኑ ላይ፣ ከመብራቱ እስከ መስታወቱ፣
አሥራ አንድ ዱካ።
ልፍቀው ብርጭቆ ወረቀት ሳነሳ
አባቴ «ተው፣» አለኝ፣ «ለሷም መንገድ ነው።»

ፈቃድ መስጫው ቢሮ፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል፣
«ሊብሬው ነጭ ይላል። አሁን ቀለሟ?»
«ጠይም፣» አልኩት።
አፌ ላይ የመጣው በአማርኛ ነበር፤
ዕብራይስጡን ፈለግሁ፣ ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው፣
የለም።
ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ።
«ቡናማ» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈ።
ስለ ድመቷ አልጠየቀኝም።