ሦስት መቶ ሲቀነስ ስልሳ አንድ

ሐምሌ ገባ። ታቦር ጉም ለበሰ።
ከሐይቁ የተነሣው ነፋስ ዳቶ ድረስ ደረሰ፤
በቆርቆሮው ሽንቁር ጣቱን እየሰደደ
ከጫጩቶቼ ክፍል ሳያንኳኳ ወረደ።

ሦስት መቶ ነበሩ፣ የአንድ ቀን ዕድሜ፣
ከማኅበሩ የተበደርኳቸው ለምኜ፣ ቆሜ።
አምፖል ሰቅዬላቸው ነበር፤ መብራት ግን እንደ ልማዱ
ሄደ። ማን ይጠይቀዋል፣ ወዴት ነው መንገዱ?

ያን ሌሊት በትልቁ ማንደጃ ከሰል አቀጣጠልሁ፣
በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በጆንያ ጠቀጠቅሁ፣
«ሞቃችሁ፣ ተኙ» ብዬ እኔም ሄጄ ተኛሁ።

ሲነጋ ዝም አለ ቤቱ።
የጫጩት ዝምታ፣ የሰማው ብቻ ያውቃል ክብደቱን።
ስልሳ አንድ ቆጠርሁ። አልቆሰሉም፣ አልደሙም፤
እንደ ተኙ ቀሩ እንጂ አንዲት ጊዜም አልጮሁም።
ከሰል ጭስ የለውም ብዬ ንጹሕ መስሎኝ ነበር፤
የማይታየው ነው ለካ ደረት ላይ የሚሰፍር።

ላሚሶ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ
በርሜል ላይ ተቀምጦ በርሜል ይቀጠቅጣል።
ነገሬን ሰምቶ መዶሻውን አኖረ፤ «ስልሳ አንድ?» ይላል።
«ስልሳ አንድ።»
ተነሣና ሦስት ዓይነት አሳየኝ።

አንደኛው ስስ ቆርቆሮ፣ ወገቡ እንደ ተርብ የቀጠነ፣
በአምስት ደቂቃ ይግላል። «ግን» አለኝ፣ ፊቱ እየከበደ፣
«ይኼ እንደ አዲስ ወዳጅ ነው፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይረሳል፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብትነኪው እጅሽን ያስደነግጣል።»

ሁለተኛው ሰጋቱራ የሚጠቀጠቅበት፣
መሃሉ ጠርሙስ አቁመው ዙሪያውን ረግጠው ሲሞሉት፣
ጠርሙሱ ሲመዘዝ ጉሮሮ የሚቀርለት።
ከውስጥ ይበላል፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ቂም፣
ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሳይነኩት አይጠፋም።

ሦስተኛው ጡብ በጡብ፣ ሰፊ፣ የተከበረ፤
ለመጋል ግማሽ ቀን፣ ለመብረድ ሌላ ግማሽ ቀን የጨመረ።
«ይኼ እስኪሞቅ» አልኩት «ጫጩቶቼ ዶሮ ይሆናሉ።»
ሳቀ ላሚሶ፤ የቀሩት ጥርሶቹ ከሩቅ ይቆጠራሉ።

ሁለተኛውን መረጥሁ። ቧንቧው ላይ ግን ተጣላን።
ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ሊሰደው ነበር፤ «አይሆንም» አልኩት፣
«ጭሱ ሳይከፍል አይውጣ፤ ግድግዳውን ይዙርበት!
አባ ኮዳ ጣሪያዬ ላይ ቆሞ እግሩን ሊያሞቅ ነው
እኔ ወለድ የምከፍለው?»

ጎረቤቴ ባሎቴ ጭቃና ጭድ ረገጠች፣
ብረቱን እንደ ሕፃን ጠቅልላ በሸክላ አለበሰች፤
«ብረት ይቆጣል» አለች፣ መዳፏን እያበሰች፣
«ጭቃ ግን ያስታውሳል።»

መጀመሪያ ስናነደው ጭሱ ሁሉ ወደ ውስጥ!
ተሳልን፣ አለቀስን፣ ስንጥቁን በአመድና በጭቃ ደፈንን።
በሁለተኛው ቀን ቧንቧው መሳብ ለመደ፤
ነጭ ክር እየፈተለ ከጓሮው ዋንዛ በላይ ሄደ።

ከዚያ ከግድግዳው ግርጌ አንዲት ብሎኬት አወለቅሁ።
ላሚሶ ሊያይ መጥቶ ነበር፤ «ሙቀትሽን ትበላለች» አለ።
«ትብላ» አልኩት።
ሁለታችንም ቀዳዳዋን እያየን ትንሽ ቆየን።

ቴርሞሜትር አልገዛሁም። የማነበው ጫጩቶቹን ነው፦
ከሸክላው ሥር ከተደራረቡ፣ ብርድ ነው፤
ጥግ ተለጥፈው አፋቸውን ከከፈቱ፣ ነዶ አልፏል፤
እንደ ፈሰሰ በቆሎ በየቦታው ከተበተኑ ግን
መጋረጃውን መልሼ፣ በእግሬ ጣት፣ እወጣለሁ።

ዛሬ ሌሊት አልወጣሁም።
ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጣል፤ እሳቱ ሞቷል፤
ሸክላው ግን ጀርባዬ ላይ ምሽቱን ይተርካል።
አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። አምፖሉ በራ።
አንድም ቀና ያለ የለም።

ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።
ደግሜ ቆጠርሁ።
ሰጋቱራው ነገ ያልቃል፤
እንጨት ቤት ጎራ ብዬ ሁለት ጆንያ ማስያዝ አለብኝ፣
ደረቁን፣ ከዋርካው ሥር ዝናብ ያልነካውን።