ልብ በማርማላታ ብልቃጥ

ግሪኖክ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ለሱ ብሎ ጓዙን የሚሰበስብ የለም።
ይዘንባል፣ ያባራል፣ ይመለስበታል፤
ወደቡ ሥራ ፈት፣ ክሬኑ ዝጎበታል።

ከኔ ጣሪያ በላይ ወይዘሮ ኢሽቤል አሉ፣
የጀልባ ሸራ ሲሰፉ አርባ ዓመት የዋሉ።
ዛሬ መርፌው ታሽጎ፣ ተረስቶ ሸራ፣
አንድ ፈርን ሆኗል የቤቱ አባወራ።

ግንዱ የፀጉር ዘለላ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፤
ቅጠሉ ከሽንኩርት ልጣጭ ይበልጥ ረቂቅ።
ማሞቂያው ሲግል ይኮማተራል፤
በር ሲከፈት ደግሞ በነፋስ ይታመማል።

"አበባ የለውም፣ ንብ አያስጨንቀው፤
ፍሬም የለው፣ ወፍ ደጁን አይጠብቀው፤
ታዲያ በምን ይወልዳል?" አልኳቸው ስቄ።
ሳይመልሱ ቅጠሉን ገለበጡት።
ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተዘምዝሟል፤
የሳቸው እጅ እንጂ ማን እንዲህ ይዘመዝማል?
በእጥፋቱ ውስጥ ቡናማ ነገር ተደብቋል።

ማታ ወረቀት ላይ ቅጠሉን አስተኙ፤
ጠዋት ሲያነሡት ብናኝ አገኙ፣
ከቁንዶ በርበሬ የላመ፣ ትንፋሽ የሚበትነው።
"እንዳታስነጥስ፣ ዱጋል! ትውልድ ነው።"

የመጀመሪያው ሻገተ።
ሁለተኛውም ሻገተ።
ለሦስተኛው አፈሩን በምድጃ ጋገሩት፤
ሕንፃውን በሙሉ የእርጥብ መቃብር ሽታ ሞሉት።
አቶ ማክአስኪል ከላይኛው ፎቅ በካልሲ ወረዱ፣
"ማን ሞተ?" እያሉ።
"ማንም አልሞተም። የሚወለድ አለ፤ ይሂዱ።"

ብልቃጡ የማርማላታ፣ ውሃው የዝናብ፣ የፈላ የቀዘቀዘ፤
ብናኙን በቢላ ጫፍ ቆንጥረው ነሰነሱ፤
ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት፤ መጋቢት አራት።
በሰሜኑ መስኮት አኖሩት፣ ፀሐይ በማታይበት።

ስምንት ሳምንት፣ ምንም።
በዘጠነኛው፣ እንደ ጭጋግ፣ እንደ ሐሜት፣
አንድ አረንጓዴ ነገር ተሰማ።
በሐምሌ ማጉያ መነጽር ሰጡኝ፤ አየሁ፦ ልብ።
መቶ ልብ፣ እያንዳንዱ ከምስር ክክ ያነሰ፣
አፈር ላይ ልጥፍ ብሎ የተኛ።
"ፈርኑ ይሄ ነው?"
"ወላጁ ነው። ወንዱም ሴቷም እዚሁ ገላ ላይ ናቸው፤
ግን ወንዱ ዋናተኛ ነው፤ ውሃ ካጣ የትም አይደርስ።"
ይህን ሲሉ የሆነ ሰው ያስታወሱ መሰለኝ። አልጠየቅሁም።

ጥቅምት ላይ ደረጃው ዳሌያቸውን ሰበረ።
ቁልፉ ለኔ ቀረ፤ ከቁልፉ ጋር ወረቀት ነበረ፦
"በሳምንት አንዴ። ሦስት ርጭት። ሦስት ብቻ።"

እኔ የመሻገሪያ ጀልባ ሠራተኛ፤
ማዕበል ነበር፣ ፈረቃ በፈረቃ ላይ፣ ገመድ፣ ጨው፣ እንቅልፍ።
እውነቱን ልናገር? ረሳኋቸው። ሦስት ሳምንት።
ባስታወስኩበት ሌሊት በካልሲዬ ደረጃውን ሮጥኩ።
ልቦቹ ጠርዛቸው ተኮማትሯል፣ እንደ ተቃጠለ ወረቀት።
ደነገጥኩ፤ የሦስት ሳምንት ዕዳ ባንዴ ልከፍል፣
በማንቆርቆሪያው የተረፈውን ሁሉ ገለበጥኩት።
ሰጠሙ።

ሆስፒታል ሄድኩ፣ ብርቱካን ይዤ።
"ልጆቹስ?" አሉ።
"ደህና ናቸው።"
ብርቱካኑን ልላጥ ብዬ አጎነበስኩ።

ለገና ሰሞን በክራንች ተመለሱ፤
ኮት ሳያወልቁ መስኮቱ ጋ ደረሱ።
ማጉያውን አነሡ። ዝም አሉ።
ታች አውቶቡስ መጣ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ።
አሁንም ዝም።
ካንዱ ልብ ሥር፣ ከክር የቀጠነች፣
አንገቷን ያቀረቀረች አንዲት ነገር ብቅ ብላለች።
ከጎኗ ሌላ። እዚያ ጥግ ደግሞ ሌላ።

"ስንት ረጨህ?"
"ሦስት።"
"ሦስት ርጭት ይህን አያደርግም፣ ዱጋል።"

ፊቴን አዞርኩ። ውጪ ያው ይዘንባል።
እሳቸው እርሳስ ፈለጉ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣
ከ"መጋቢት አራት" በታች አንድ ቃል ጨመሩ፦
"ጎርፍ።"