ታኅሣሥ ሃያ ሁለት

ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ባለ አንድ በር ቤት፣
«ኮምፒውተር እንጠግናለን» የሚል ታፔላ አለበት፤
«ግ»ዋ በውርጭ ረግፋ፣ ቀርቷል «እንጠናለን»፣
እኛም ሳንቀባት ቀረን፣ እንዲሁ እንኖራለን።

ዛሬ ጧት የመጣው ሳጥን የብርድ ልብስ ፋብሪካው ነው፣
የሱፍ ብናኝ ጠጥቶ ማራገቢያው የታፈነው።
የመዝገብ ቤቷ እልፍነሽ በነጠላ አቅፋው መጥታ
«ቀኑ ጠፋበት» አለችኝ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ።

ተጫንኩት። አንዲት «ጢት» አለ። ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ፊደል።
«ትውስታዬ አለ? ዲስኬስ?» ራሱን ይዳብሳል።
ቀኑን በፈረንጅ ጻፈ፤ በጣቴ ቆጥሬ ወደኛ መለስኩት፦
ታኅሣሥ ሃያ ሁለት፣ ዘጠና ሁለት፣ ልክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት።

ያቺን ሌሊት አውቃታለሁ።

ዓለም ሁለት ሺህ ሲገባ ማሽን ያብዳል ተብሎ
ጋሽ ወንድይፍራው አደረ፣ ከግብርና ቢሮው ማሽን ጋር፣ በጋቢ ተጠቅልሎ።
እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ፋኖስ ያዡ ነበርኩ፣
መብራት ቢሄድ ብሎ፤ የደብረ ብርሃንን ስም ያኔ ነው የታዘብኩ።

«መጀመሪያ» አለኝ፣ «ይህ ነገር ሲነቃ ቃል አልነበረውም፤
ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ ባንድ ካልነካኩለት አይነሣም።
ኋላ የመነሻውን ቃል በቺፕ ላይ ቀረጹለት፣
ቢጠፋም ቢበራም የማይፈታ፣ እንደ ማተብ አሰሩለት።»

ቺፕ አወጣ፤ አናቱ ላይ ትንሽ የመስተዋት መስኮት፣
ወረቀት የተለጠፈበት። «አደራ፣ እንዳትልጪበት፤
ፀሐይ ካየ ቀስ በቀስ ይረሳዋል ሁሉን።»
እስከ ዛሬ ፀሐይ ሲወጣ እጄ ይፈልጋል ወረቀቱን።

«ሲስተሙ ያኔ ሕፃን ነው፤ ፊደል ሲነካ 'ምን ተነካ?' ይለዋል፣
ዲስክ ሲሻ 'አንብብልኝ'፤ በባዮስ እጅ ይበላል፣ በባዮስ እግር ይሄዳል።
ኋላ ነፍስ አወቀ። ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይጽፋል፤
የቀሰቀሰውን ሽማግሌ በር ላይ ጥሎት ያልፋል።»

ጋሽ ወንድይፍራው ካረፈ ወዲህ ሽማግሌው ተመለሰ፣
ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ ተባለ፤ ስም ቀየረ፣ ካባ ለበሰ።
ሥዕል ያሳያል፣ ማውስ ያውቃል፣
«ማኅተምህን» ብሎ ሲስተሙን ደጅ ያስጠናዋል።
የማያውቀውን ፊርማ አያሳልፍም፤
የማንን እንደሚያምን ግን እኔን አልጠየቀኝም።

አሁን ቃሉም ይታደሳል። አምና ላንዱ ሳድስለት
መብራት ሄደ፤ ግማሽ ቃል አፉ ላይ ቀረበት።
ድንጋይ ሆነ። ወንድሙን ከትምህርት ቤት ተውሼ፣
ቃሉን ቀድቼ መለስኩለት፣ ሦስት ሌሊት አምሽቼ።

«ምን ሆኖ ነው ታዲያ?» አለች እልፍነሽ።
«ባትሪው ነው፤ ሳንቲም የሚያህል፤ ሰዓት የሚያስታውስለት።»
አዲሱን አስገባሁ። ቀኑን ልሞላ ስል
ጣቴ ቆመ።

እዚያ ማዶ ጋሽ ወንድይፍራው ሰከንዱን ይቆጥራል፤
ፋኖሱ በእጄ ነው፤ ማሽኑ ያብዳል ወይስ ያልፋል?
አላበደም። «ዜሮ ዜሮ» ጽፎ ዝም አለ። ጋሼም ሣቀ፦
«ለኛ ገና ስምንት ዓመት አለን፤ ተኚ ልጄ፣ ሌሊቱ አለቀ።»

ዓመቱን ጻፍኩ። ወሩን። ቀኑን።
«አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ።
እልፍነሽ ሂሳብ ጠየቀች፤
የባትሪዋን ብቻ ተቀበልኩ።