ቁጥር ሠላሳ ስድስት

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሻርጃ ስትከደን በወበቅ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ የፕላስቲክ ራስ ስንጠብቅ።
አሥር ነን፤ አሥር ራስ፣ አፉን ከፍቶ የሚያይ፣
ትንፋሽ የለው፣ ምራቅ የለው፣ «ወይኔ» አይል፣ አይል «ዋይ»።

ሰባት ዓመት ሙሉ መምጠጫ ነው የያዝኩት፣
ሐኪሙ ሲሞላ ከጎን ቆሜ ነው ያየሁት።
ዛሬ መሰርሰሪያው በእኔ እጅ ያፏጫል፣
ከቁጥር ሠላሳ ስድስት ነጭ ብናኝ ይረጫል።

የብረት ቀበቶውን አሰርኩ፣ ሽብልቁን ሸጎጥኩ፣
ሁለት ሚሊ፣ ሁለት ሚሊ፣ ደራርቤ ጠቀጠቅኩ፣
በሰማያዊ መብራት ሃያ ቆጥሬ አደረቅኩ።
ያምራል አልኩ ለራሴ። መጣች መምህርት ሬማ፣
በሁለት አመልካች ጣቷ ቀጭን ክር ጠምጥማ።

ክሩ ሰተት ብሎ ገባ፣ ሰተት ብሎ ወጣ።
«እዚህ ምግብ ያድራል፤ አፍርሺው» አለች፣ ያለ ቁጣ።

አፈረስኩት።
የገዛ እጅ ሥራ ሲፈርስ ድምፁ ይለያል፤
ራሱ ዝም ብሎ ጣራ ጣራ ያያል።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፣ ልብ ሲያዝን ስለሚስቅ፤
እኔ ዛሬ የገባኝ፦ ባዳ ከባዳ ጎን ሲጠባበቅ፣
አል ናህዳ አንድ ክፍል ስድስት ሆነን እንደምናድረው፣
ይነካካል እንጂ አይጨናነቅ፤ ልኩ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጎደለ። ሦስተኛው ጠርዙ ሾለ።
በአራተኛው ክሩ ያዝ አደረገና፣ ጠቅ አለ።
ሬማ አላሞገሰች፤ ጓንቷን አወለቀች፣
«የሚቀጥለው ሰው ነው፤ ያመዋል» ብላ አስጠነቀቀች።

ማታ አውቶቡስ ላይ፣ ምላሴ የራሴን ሠላሳ ስድስት ፈለገ።
ድዱን ብቻ አገኘ።
ወልድያ ላይ ጉጠት ነቀለው፣ በሃያ አምስት ብር፤
የሚሞላ ጠፍቶ እንጂ፣ ቀዳዳው ትንሽ ነበር።